ምዕራፍ ሰባት፦ መርዝ የሚይዝ ዝገት

ጋንጅስና ብራህማፑትራ የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ከሂማላያ ተራሮች እየሸረሸሩ ባወረዱት ደለል በተሠራው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ይኸውም ዛሬ ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል በምንላቸው አገሮች የሚኖረው ሕዝብ፣ ከጥንት ጀምሮ ይጠጣ የነበረው ከኩሬና ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ነበር፤ ከውሃውም ጋር ኮሌራና ተቅማጥ እየገቡ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ሕፃናት ይቀሥፉ ነበር። ይህን መቅሠፍት ለማስቆም መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ በተለይም ከ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ በየመንደሩ ቀጭን ቱቦ ወደ መሬት እየሰደዱ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ተከሉለት። የወጣውም ውሃ ቀዝቃዛ፣ ጥሩና ከተሐዋስያን የጠራ ስለ ነበር ሕዝቡ እሰይ ብሎ ተቀበለው፤ ቆይቶም ሀብት ያለው ሁሉ በራሱ ገንዘብ በግቢው ማስቆፈር ጀመረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በምዕራብ ቤንጋል የሚገኙ የቆዳ ሐኪሞች ደረታቸው በጥቁርና በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው እንደ ኪንታሮት የጠጠረ ገበሬዎች ሲመጡላቸው አዩ፤ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በባንግላዴሽ ቻፓይ ናዋብጋንጅ በተባለው አውራጃ የጉድጓዶቹ ውሃ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኘበት። ይህ መርዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ የሚገድለውም ቀስ ብሎ፣ ከዓመታት በኋላ በቆዳ፣ በሳንባና በፊኛ ነቀርሳ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) አለን ስሚዝ የተባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በአገሪቱ ከሚኖረው 125 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መካከል ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚደርሰው ለዚህ አደጋ የተጋለጠ መሆኑን ገምተው፣ በታሪክ ከታወቀው የሕዝብ መመረዝ ሁሉ ይህ የበለጠ ነው ብለዋል። ከዚያም በኋላ መርማሪዎች ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዞሩ መርዝ ያለበትን ፓምፕ አፉን ቀይ፣ የሌለበትን አረንጓዴ ቀለም ይቀቡ ጀመር። የአንዲት ሴት ፓምፕ ቀይ ሆኖ የጎረቤቷ አረንጓዴ የሆነበት መንደር ብዙ ነው፤ ቀለሙ ግን የት እንደማይቀዳ ያሳያል እንጂ ውሃውን አያነጻውም።

መርዙ ወደ ውሃው የገባበት መንገድ ራሱ የመድኃኒቱን ምሥጢር ስለሚገልጥ ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። ወንዞቹ ባመጡት ደለል ውስጥ እያንዳንዷ የአሸዋና የጭቃ ቅንጣት በቀጭን የብረት ዝገት የተለበጠች ነበረች፤ አርሴኒኩም ከዚያ ዝገት ጋር ተጣብቆ እስከ ኖረ ድረስ በማንም ላይ ጉዳት አያደርስም ነበር። ነገር ግን ደለል በደለል ላይ ተደራርቦ አብሮት የመጣው የዕፅዋት ብስባሽ በመሬት ሆድ ሲቀበር፣ ብስባሹን የሚመገቡት ረቂቃን ነፍሳት በዚያ አየር በማይደርስበት ጥልቀት፣ እኛ ከኦክስጅን የምናገኘውን አገልግሎት ከዝገቱ ማግኘት ጀመሩ፤ ዝገቱም በእነርሱ ሥራ ሟሟ፣ ይዞት የነበረውንም አርሴኒክ ለውሃው ለቀቀው። እንግዲህ መርዙን ለብዙ ሺህ ዓመታት አስሮ ያቆየው ዝገት ከሆነ፣ ሊቃውንቱ ከዝገት ወዲያ ሌላ ወጥመድ ለመፈለግ ሩቅ አለመሄዳቸው አያስደንቅም።

አደገኛው ልክ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ካልታሰበ የሥራው ክብደት አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው የአርሴኒክ ልክ በአንድ ሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም በአንድ ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ሚሊግራም ማለት ሲሆን፣ የባንግላዴሽ መንግሥት ራሱ፣ ከአቅም ጋር አመዛዝኖ ሊሆን ይችላል፣ እስከ 50 ማይክሮግራም ፈቅዷል። በነጠላ ጨርቅ ማጥለል የሚያስቀረው ጉድፍን ብቻ ነው፤ ማፍላትም ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ አርሴኒኩን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲጎድል የቀረው መርዝ ይበረታል። የሟሟን ነገር ከውሃ ለመለየት የሚያስፈልገው ተራ ወንፊት ሳይሆን ያ ነገር ሲያልፍ ይዞ የሚያስቀር ገጽ ነው።

ናኖሜትር የሚባለው ልኬት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ነው፤ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አንድ ሺህ ናኖሜትር ያህል ርዝመት አላቸው፤ የሕፃናትን ተቅማጥ የሚያመጣው ሮታ ቫይረስ ሰባ ያህል ናኖሜትር ነው፤ የናኖ ሳይንስ መርማሪዎች የሚሠሩባቸው ቅንጣቶችም ከአንድ እስከ አንድ መቶ ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ስፋቱ፣ ቁመቱና ከፍታው አንድ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ የብረት ዝገት ድፍን ብናስብ፣ በስድስቱም ፊቱ ያለው ገጽ ስድስት ካሬ ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይህንኑ ድፍን አንድ አንድ ሚሊሜትር ወዳላቸው ኩቦች ብንከፋፍለው ገጹ 60 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ናኖሜትር ወዳላቸው ብንከፋፍለው ግን ገጹ 500 ካሬ ሜትር፣ አንድ ናኖሜትር ወዳላቸው ብንከፋፍለው 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም በጣት ተይዞ የነበረው ነገር ወደ እግር ኳስ ሜዳ ስፋት ተጠጋ ማለት ነው። ክብደቱ አልጨመረም፤ በውስጥ ተደብቆ የነበረው ወደ ውጭ ወጣ እንጂ።

የድሮ ሊቃውንት ፍጥረትን ግዙፋንና ረቂቃን ብለው ሲከፍሉ ረቂቁን ከግዙፉ ልዩ ባሕርይ ያለው አድርገው ያዩት ነበር፤ የዛሬው ጋዜጣም ናኖ የሚለውን ቃል ባነሣ ቁጥር ከዚያ የማይለይ መደነቅ ያሰማል። በእኔ አስተያየት ለውሃ ማጣራት ሥራ ይህ መደነቅ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል። በጣም ሲረቅ አንዳንድ ነገር ቀለሙና ጠባዩ የሚለወጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ወርቅ እንኳ ሲረቅ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። መርዙን የሚይዘው ግን ያው በቆርቆሮና በምስማር ላይ የምናየው ዝገት የሚይዝበት ጠባይ ነው፤ የጨመረው መያዣው ቦታ ነው። ቦታ ደግሞ የቱንም ያህል ቢበዛ የሚሞላበት ጊዜ አለው፤ በዚህ ምዕራፍ ከሚነገረው ሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻውም ይህ ነው።

በ2006 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ቴክሳስ በሂዩስተን ከተማ በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ቪኪ ኮልቪንና ባልደረቦቻቸው አሥራ ሁለት ናኖሜትር ያህል መጠን ባላቸው የማግኔታይት ቅንጣቶች አርሴኒክን ከውሃ ያዙ። ማግኔታይት ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ዓይነት ነው። አስቀድሞ የነበረው ግምት ይህን ያህል የረቀቀ ቅንጣት በውሃ ውስጥ ተበትኖ ከቀረ በኋላ እንደገና ለመሰብሰብ እጅግ ብርቱ የማግኔት ኀይል ይጠይቃል የሚል ሲሆን፣ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነበር፦ ቅንጣቶቹ ማግኔት ሲቀርባቸው እርስ በርሳቸው እየተጠጉ ስለሚሰባሰቡ፣ በእጅ የሚያዝ ተራ ማግኔት ከብልቃጡ ጎን ሲደረግ ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያ ጎን ተሰብስቦ ውሃው ጠራ። ከዚህ ምርምር ተሳታፊዎች መካከል የነበሩት ጃፈር ያቩዝ ቆየት ብለው ያሳተሙት ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ቅንጣቶቹ ከዝገት፣ ከምግብ ዘይት፣ ከኮምጣጤና ከኮስቲክ ሶዳ በማዕድ ቤት ምድጃ ላይ ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይተዋልና። ኮስቲክ ሶዳውና ዘይቱ ሳሙና ይሆናሉ፣ ከሳሙናው የሚወጣው የቅባት አሲድ ከዝገቱ ጋር ሲጋል ረቂቁ ቅንጣት ይወለዳል፤ በጓሮ ሳሙና ያበሰለች ሴት የሥራውን ግማሽ ታውቀዋለች ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በቤንጋል ሜዳ በቤተሰብ እጅ ገብቶ ብዙ ያገለገለው ከዚህ ያነሰ ዝና ያለው ነገር ነው። በባንግላዴሽ ተወልደው በአሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑት አቡል ሁሳም ሶኖ የተባለውን ማጣሪያ ሠሩ፤ ለዚህም በ2007 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኘውን የግሬንጀር ሽልማት ተቀብለው አብዛኛውን ገንዘብ ማጣሪያውን ለማዳረስ አዋሉት። ማጣሪያው አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጡ ሁለት ባልዲዎች ናቸው፤ በላይኛው አሸዋና በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ የብረት ፍቅፋቂ፣ በታችኛው አሸዋ፣ ከሰልና የጡብ ስብርባሪ አለበት። ውሃ በፈሰሰበት ቁጥር ብረቱ በገጹ ላይ አዲስና ረቂቅ ዝገት እያበቀለ አርሴኒኩን ይይዛል። ናኖ የሚል ስም በላዩ ባይጻፍበትም ሥራው የረቂቃን ሥራ ነው።

በሕንድ አገር በማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ፕራዲፕ ከተማሪዎቻቸው ጋር ያቀረቡት መፍትሔ ሌላ ችግርን ይመለከታል። ረቂቅ ዱቄት ብቻውን በማጣሪያ ቢሞላ ወይ ተጠቅጥቆ ውሃ አያሳልፍም፣ ወይም ከውሃው ጋር ሾልኮ ይወጣል፤ ሾልኮ የወጣውንም ሰው ይጠጣዋል። ስለዚህ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ልጣጭ የሚገኘውን ካይቶሳን የተባለ ነገር ከብረት ኦክሳይድ ረቂቃን ጋር በውሃ ውስጥ፣ ያለ እሳት፣ በማዋሐድ እንደ አሸዋ የሚዘገኑ ቅንጣቶች ሠሩ፤ ረቂቁ በግዙፉ ውስጥ ታስሮ፣ ውሃው በመካከሉ እያለፈ ይነጻል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በዚሁ መንገድ የተሠራ፣ ብርንም የጨመረ ማጣሪያ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ሁለት ዶላር ተኩል ያህል ብቻ እንደሚፈጅ ገምተዋል። አምሪት ብለው የሰየሙት የአርሴኒክ ማጣሪያም በሕንድ መንደሮች ተተክሎ ያገለግላል።

ብሩ የተጨመረው ለአርሴኒክ ሳይሆን ለተሐዋስያን ነው። ረቂቅ የብር ቅንጣት በውሃ ውስጥ ከገጹ ላይ ጥቂት ጥቂት የብር አዮን ይለቃል፤ አዮኑም ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች ጋር፣ በተለይ ድኝ ባለባቸው ክፍሎች፣ ተጣብቆ ሥራቸውን ያስፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር እስከ 0.1 ሚሊግራም ብር ቢኖር ጉዳት እንደማያመጣ ስለሚገልጽ፣ ጥበቡ ሁሉ ከዚህ ሳያልፉ መግደል ነው። በጓቲማላ ፈርናንዶ ማሳርዬጎስ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የሸክላ ማጣሪያ ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ ነው፦ ሸክላ ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ በአበባ ማሰሮ ቅርጽ ይተኮሳል፣ ሰጋቱራው ነድዶ በቦታው ረቂቅ ቀዳዳ ይተዋል፣ ከዚያም የብር ረቂቃን ያሉበት ፈሳሽ በብሩሽ ይቀባል። ማንኛዋም ሸክላ ሠሪ ልትለምደው የምትችለው ሥራ ነው።

የወንፊትን መንገድ የመረጡም አልጠፉም። ከፓሪስ አጠገብ በሜሪ ሱር ዋዝ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ጣቢያ የወንዝ ውሃን አንድ ናኖሜትር ያህል ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት እያሳለፈ የተባይ ማጥፊያ መርዝን ያስቀራል፤ በዓረብ አገሮች የሚኖረው ወገናችን ከቧንቧ የሚቀዳው ከባሕር የተጣራ ውሃም በከፊል ከዚህ በጠበበ ሽፋን ያለፈ ነው። ይህ ግን የኤሌክትሪክ ኀይል፣ ፓምፕና ባለሙያ የማይታጣበት አገር መፍትሔ ስለ ሆነ አልፈዋለሁ።

ወደ እኛው አገር ስንመጣ የስምጥ ሸለቆው ጣጣ ከቤንጋል ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፣ ለተሐዋስያንና ለኩሬ ውሃ መድኃኒት ተብሎ የተቆፈረው ጉድጓድ ሌላ ደዌ ማምጣቱ ነው። እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ሶዳ የበዛበትና ካልሲየም የጎደለው ስለ ሆነ፣ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ይዞ ያዘቅጠው የነበረው ፍሎራይድ ሟሙቶ ይቀራል። የተፈቀደው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ ሳያድግ ይህን ውሃ የጠጣ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሠራተኛ ደግሞ አጥንቱ እየደረቀ አንገቱንና ወገቡን ማዞር ይሳነዋል፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የታየው ይኸው ደዌ በአገራችን ሐኪሞች ተጠንቶ በሕክምና መጽሔቶች ታትሟል። በሞጆ ተዘጋጅቶ የቀረበው የአጥንት ከሰል፣ በአሉምና በኖራ ማዝቀጥ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጠናው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሁሉ ይህን ለመቋቋም የተሞከሩ ናቸው።

የአሉሚኒየም ኦክሳይድ (አሉሚና) ረቂቃን ፍሎራይድን በሚገባ ይይዛሉ፤ ነገር ግን በተለይ የሚይዙት ውሃው ወደ ጎምዛዛነት ጥቂት ሲያዘነብል ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ በቢካርቦኔት የተሞላ ነው፤ ቢካርቦኔቱም ያንኑ መቀመጫ ይሻማል። በቤንጋልም ፎስፌትና ሲሊካ እንዲሁ አርሴኒኩን ይሻሙታል። ስለዚህ በተጣራ ውሃ ላይ በቤተ ሙከራ የተገኘ ግሩም ውጤት በመቂ ወይም በዝዋይ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ወደ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በየጊዜው አዲስ ቅንጣት ተሠራ የሚል ዜና ሲመጣ በየትኛው ውሃ ተፈተነ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ለሒሳብ ያህል አንድ ኪሎ ቅንጣት አንድ ግራም ያህል መርዝ ይይዛል እንበል። በሊትር 0.2 ሚሊግራም አርሴኒክ ያለበትን ውሃ ቢያነጻ አምስት ሺህ ሊትር ያስተናግዳል፤ ለመጠጥና ለወጥ በቀን 20 ሊትር ለሚፈጅ ቤተሰብ 250 ቀን ይበቃዋል። ያው ኪሎ 10 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ወደ 1.5 ቢያወርድ ግን ከእያንዳንዱ ሊትር 8.5 ሚሊግራም መያዝ ስላለበት 118 ሊትር ላይ ይጠግባል፤ ለዚያው ቤተሰብ ከስድስት ቀን አያልፍም። ሲጠግብም ምልክት አያሳይም። ጭቃ የያዘ ጨርቅ ውሃ አላሳልፍም ብሎ ያስታውቃል፤ የጠገበ ዝገት ወይም አሉሚና ግን ውሃውን እንደ ትናንቱ ያወርደዋል፤ አይደፈርስም፣ አይሸትም፣ ጠጪውም ነጽቷል ብሎ መርዙን ይጠጣል። ማጣሪያ በየቤቱ አድሎ መሄድን የማልደግፈው ስለዚህ ነው፤ ማጣሪያ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል።

በሰሜን ታንዛንያ በአሩሻ በሚገኘው በኔልሰን ማንዴላ ስም በተሰየመው ተቋም የሚያስተምሩት አስክዋር ሂሎንጋ ይህን ችግር የተረዱት ይመስለኛል። እርሳቸውም ያደጉት ፍሎራይድ በሚያስቸግረው በዚያ የሸለቆ አገር ነው፤ አሸዋን ከናኖ ቁሶች ጋር አጣምረው እንደየአካባቢው ውሃ የሚለዋወጥ ማጣሪያ በመሥራታቸው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ሽልማት፣ 25,000 ፓውንድ፣ ተቀብለዋል። ከማጣሪያው ይልቅ የወደድሁት ግን የተጣራ ውሃ የሚሸጥበትን ጣቢያ ማቋቋማቸውን ነው፤ በዚህ መንገድ ማጣሪያውን የመለወጥ ኀላፊነት በመቶ ቤተሰብ ትከሻ ላይ ከመበተን ይልቅ ከአንድ ሻጭ ላይ ይወድቃል።

የጠገበው ቅንጣትም መሄጃ ያስፈልገዋል። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ አርሴኒክ የያዘ ዝቃጭ በተለመደው ፈተና ጥቂት ብቻ ይለቃል ከተባለ በኋላ አየር በሌለበት የቆሻሻ መጣያ ከተቀበረ ብዙ ይለቃል፤ ረቂቃን ነፍሳቱ ዝገቱን የሚያሟሙት በቤንጋል ጥልቀት ብቻ አይደለምና። አሉሚና በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ የታጠበበት ውሃ ግን የተያዘውን ፍሎራይድ በሙሉ በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ መሬት በማያሰርግ ገንዳ ተጠራቅሞ በፀሐይ መድረቅ አለበት።

እንግዲህ በስምጥ ሸለቆ ቀበሌ ቦኖ ላይ በጀሪካን ሒሳብ የሚሰበስበው የውሃ ኮሚቴ፣ ከፓምፕ መለዋወጫ ሒሳቡ ጎን ሁለት ነገር መያዝ ይገባዋል፤ አንደኛው በማጣሪያው ያለፈውን ሊትር የሚቆጥር ቆጣሪ፣ ሁለተኛው በየሳምንቱ ፍሎራይዱን ለክቶ በመዝገብ የሚጽፍ ሰው ነው። የቅንጣቱን ዋጋ ከሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ጨምሮ፣ የማድረቂያውን ገንዳ ቦታም ማጣሪያው ሳይገዛ በፊት ከቀበሌው ማስፈቀድ ይኖርበታል።